«እግሬን የት ላድርገው?»፦ የአንዲት የእንባ ጠብታ ተሳቢ መቀመጫ

የካምፕ ተሳቢያችንን የመጀመሪያ ንድፍ ለባለቤቴ ሳሳያት ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እግሬን የት ላድርገው?»

መልስ አልነበረኝም። ንድፉ ላይ አልጋ አለ፣ ከኋላ ማብሰያ አለ፣ መደርደሪያ አለ፣ መስኮት አለ። መቀመጫ ግን የለም። አልጋው ላይ ቁጭ እንላለን ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሷ ደግሞ ወገቧን ያማታል። እግሯን ዘርግታ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ከሩብ ሰዓት በላይ መቆየት አትችልም። እግሯን አጣጥፋ መቀመጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

ከዚያች ጥያቄ ተነስተን መቀመጫ ያላት ትንሽ የካምፕ ተሳቢ ሠራን። እዚህ የምጽፈው ንድፉ እንዴት እንደተለወጠ፣ የት እንደተሳሳትን፣ በመጨረሻ ልኩ ስንት ላይ እንዳረፈ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ ቁጥሮቹን እንዳለ ከመውሰዱ በፊት የራሱን ሰውነት ይለካ። እኛ የጀመርነው በእንጨት ነበር፤ መጀመር የነበረብን ግን በሰው ነው።

ስለ ተሳቢዋ ትንሽ

የእንባ ጠብታ የምትባለው በቅርጿ ነው። ከጎን ሲያዩአት ፊቷ ክብ ነው፣ ወደ ኋላ እየሾለች ትወርዳለች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መሠራት ጀመረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው በየቤቱ ይሠራት ገባ። በቤት ለመሥራት እንድትመች ካደረጓት ነገሮች አንዱ ኮምፔርሳቶ፣ ማለትም ከስስ እንጨቶች ተጣብቆ የሚሠራው ሰሌዳ ነው። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎኗን 122 ከፍታ ላይ ካቆሙት ወደ ላይ መቀጠል አያስፈልግም። ዝቅ ስለምትል ንፋስ ብዙ አይታገላትም፣ ትንሽ መኪናም ይጎትታታል። ውስጧ ግን መቆም የለም።

የእኛዋ 305 ሳ.ሜ ትረዝማለች፣ 152 ትሰፋለች። ርዝመቷ ከአንድ ኮምፔርሳቶ ስለማይወጣ ጎኖቿን ቀጥለናል። መጋጠሚያውን ከውስጥ በኩል 20 ሳ.ሜ በሚሰፋ ቁራጭ በኮላና በቪቴ አሰርነው። ወለሉ 18 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሪያው ከውስጥ 5 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ፣ መሐሉ 25 ሚ.ሜ ፎም (ብርድ መከላከያ)፣ ከውጭ ደግሞ ሌላ 5 ሚ.ሜ ነው። ይህ ሁሉ ከ122 ላይ ሲቀነስ ከፍ በሚለው ቦታ ውስጧ 116 ሳ.ሜ ይቀረዋል። ነገራችን ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች 116 ዙሪያ ነው።

ስንለካ

ሜትር ይዘን ተለካካን። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ቀጥ ብለን ተቀምጠን፣ ከእንጨቱ እስከ አናት። እኔ 95 ሆንኩ፣ እሷ 86።

ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ከመሬት 43 ሳ.ሜ ገደማ ከፍ ይላል። 43 እና 95 ሲደመር 138 ነው። ያለን 116። ገና ለጭንቅላት መፈናፈኛ ሳንተው 22 ሳ.ሜ አነሰን።

ጣሪያውን ከፍ ማድረግ የመጀመሪያው ሐሳቤ ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ሣልኩት። 30 ሳ.ሜ ሲጨመር ጎኑ ከአንድ ኮምፔርሳቶ አይወጣም፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ መንገድ ላይ የጎን ንፋስ ይገፋታል። በመኪናው የኋላ መስታወት ሳየውም መንገዱ ሳይሆን ተሳቢዋ ብቻ ልትታየኝ ነው። ተውኩት።

ሁለተኛው ምርጫ ፍራሹ ላይ መቀመጥ ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለጤነኛ ወገብ ለአንድ ሰዓት ችግር የለውም። ለእኛ ግን ጥያቄው የመጣው ከዚያው ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት የባለቤቴን ጥያቄ እንደገና ሳስበው ነው። እግሬን የት ላድርገው ነበር ያለችው። ወንበር ያን ያህል ከፍ የሚለው እኮ ለእግር ቦታ ለመስጠት ነው። እግሩ ከወለሉ በታች ቦታ ካገኘ መቀመጫው ከፍ ማለት አያስፈልገውም። ስለዚህ ወለሉን ቆርጦ የእግር ጉድጓድ መሥራት። ፍራሹ ራሱ መቀመጫ ይሆናል፣ እግር ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭንቅላት ጣሪያው ሥር ይገባል።

ጉድጓዱ ምን ያህል ይጥለቅ? ይህን የሚወስነው መንገዱ ነው። የእኛ ጎማ 155/80 አር 13 ነው፤ ቁመቱ 58 ሳ.ሜ አካባቢ ነው። በባሌስትራው (በተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) ላይ ሻንሲው፣ ማለትም የተሳቢዋ የብረት አጽም፣ ሲቀመጥ የውስጡ ወለል ከመሬት 52 ሳ.ሜ ላይ ዋለ። ጉድጓዱን 30 ብናጠልቀው፣ ከሥሩ 12 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ ሲጨመር፣ ከመሬት ወደ 21 ሳ.ሜ ይቀራል። ለአስፋልትና ለደህና የጠጠር መንገድ ይበቃል አልን። 30 ላይ ቆረጥን።

መቀመጫው 12 ሳ.ሜ ስፖንጅ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ወደ 8 ተኩል ይወርዳል። ከጉድጓዱ ወለል ሲለካ 38 ተኩል ሆነ። የሶፋ ከፍታ ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ልክ መጣ።

ካርቶኑ ያሳየን ነገር

እንጨት ከመቁረጣችን በፊት ባለቤቴ «መጀመሪያ በካርቶን እንሥራውና እንቀመጥበት» አለች። ከጠቅላላው ሥራ ትልቁን ውጤት ያመጣው ይህ ነው።

የተሳቢዋን የጎን ቅርጽ በሙሉ መጠኑ ሳሎን ግድግዳ ላይ በወረቀት ፕላስተር ሣልነው። የፊቱ ቅስት ሬዲየስ 60 ሳ.ሜ ነው። ጣሪያውን በካርቶን ሠርተን ሁለት ወንበር ላይ ዘረጋነው። ጉድጓዱን ለማምጣት ወለሉን መቆፈር ስለማንችል መቀመጫውን በጣውላ ከፍ አደረግነው፣ ግድግዳው ላይ የተሣለውንም ሁሉ በዚያው ልክ ወደ ላይ አነሳነው። ከዚያ ተቀመጥን።

ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ጭንቅላቴ አልነካም። ደስ አለኝ። ወደ ኋላ ደገፍ ስል ግን ካርቶኑ ኋላ ጭንቅላቴን መታኝ።

የረሳሁት ነገር ቀላል ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው የለም። የሚመች መደገፊያ ከመቀመጫው ጋር ወደ 105 ዲግሪ ይከፈታል፣ ማለትም ከቀጥታው 15 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሰው 15 ዲግሪ ሲያዘነብል ከፍታው 3 ሳ.ሜ ቢቀንስም አናቱ 20 ሳ.ሜ እና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። የምንቀመጠው ፊታችንን ወደ ተሳቢዋ ኋላ አዙረን ስለሆነ ከጀርባችን ያለው የፊቱ ቅስት ነው፤ እዚያ ጣሪያው ቶሎ ብሎ ነው የሚወርደው። ጀርባዬን ከፊተኛው ግድግዳ 35 ሳ.ሜ ላይ ነበር ያደረግኩት። በዚያ ልክ ስደገፍ ጭንቅላቴ የሚደርስበት ቦታ የውስጡ ከፍታ 94 ብቻ ነው። እኔ ተደግፌ የምፈልገው 100 ነው።

መደገፊያውን 12 ሳ.ሜ ወደ ተሳቢዋ መሐል አመጣነው። አሁን ከራሴ በላይ 5 ሳ.ሜ ተረፈ። ከመደገፊያው ኋላ የቀረው ሦስት ማዕዘን ቦታ መጀመሪያ አስቆጨኝ፤ 152 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ነው። በኋላ ግን ለሌላ ትልቅ ጉዳይ በጣም ጠቀመን፤ እመለስበታለሁ።

በዚያው ምሽት ሌላም ነገር ታየ። ባለቤቴ መጽሐፍ ይዛ ካርቶኑ ሥር ተቀመጠች፣ እኔ ሰዓት ያዝኩ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተስተካክላ ተቀመጠች። እሷ ልብ አላለችውም። መቀመጫው ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀስ እያለች ወደ ፊት ትንሸራተት ነበር፤ ስትንሸራተት ወገቧ ከመደገፊያው ይለቃል። ከፊት ጉልበቷ በኩል 4 ሳ.ሜ የእንጨት ቁራጭ አስገባሁ። 46 ሳ.ሜ ለሚገባ መቀመጫ ይህ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ቆየች፣ አንድ ጊዜም አልተነሳችም። ያን ሳይ ይህች ተሳቢ እንደምትሠራ አመንኩ።

ሌሊት ግን መቀመጫው አልጋ ስለሚሆን ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ስለዚህ የመቀመጫው ጣውላ በኋለኛው ጠርዙ በማጠፊያ ተያዘ። ቀን ከፊት ከፍ አድርገን 4 ሳ.ሜ ድጋፍ እናስገባለን፣ ማታ እናወጣዋለን።

ሻንሲውና በሩ

ሻንሲው 50 በ75 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው፤ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ፣ ሜትሩ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለጉድጓዱ ብላችሁ ሁለቱን ረጃጅም የጎን ብረቶች እንዳትቆርጡ። የተሳቢዋን ክብደት ሁሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ጉድጓዱ በእነሱ መካከል ነው የሚገባው። ፊትና ኋላው ላይ ሁለት አግዳሚ ብረት በይደን የጉድጓዱን ሳጥን ከእነዚህ አንጠለጠልነው። ሳጥኑ 100 ሳ.ሜ ይሰፋል፣ 47 ይረዝማል። ከፊተኛው ግድግዳ ከ93 ይጀምርና 140 ላይ ያልቃል። አክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት) 190 ላይ ስለሆነ አይነካካም።

በሩ መጀመሪያ ወደ መሐል፣ ፍራሹ ላይ ነበር የተነደፈው። እንደዚያ ቢሆን በእንብርክክ ነው የሚገባው። ወደ ፊት አምጥተን ከ80 እስከ 145 አደረግነው፤ ልክ ጉድጓዱ አጠገብ። አሁን ሰው እንደ መኪና ነው የሚገባው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ዞሮ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይከታል። ለወገብ ሕመምተኛ ከመቀመጫው እኩል የጠቀማት ይህ ነው። ጫማም እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ፍራሹ አይቆሽሽም።

ከመቀመጫ ወደ አልጋ

የጉድጓዱ ክዳን ሁለት ጣውላ ነው። ቀን አንዱ የሚነቀል የቱቦ እግር ተገጥሞለት ጠረጴዛ ይሆናል፣ ከጉድጓዱ ወለል 62 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ። ከዚያ ዝቅ ካለ ጭን ይነካል። ማታ ሁለቱም ጉድጓዱን ይከድናሉ፣ የመደገፊያው ስፖንጅ ይወርድና በላያቸው ይተኛል። ለዚህ ሲባል የመደገፊያው ስፖንጅ ከመቀመጫው እኩል 12 ሳ.ሜ ወፍራም መሆን ነበረበት። መደገፊያው ሲነሳ ሥሩ ያለው ቦታም ለአልጋው ስለሚገባ ጠቅላላው 198 ሳ.ሜ ሆነ። እኔ 182 ነኝ። ይበቃል።

ስለ ስፖንጅ ብዙ ማለት ይቻላል፣ አንዱን ብቻ ልበል። በእጅ ተጭናችሁ ለስላሳነቱን አይታችሁ እንዳትገዙ። ጠይቁ፦ በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ነው? ለመቀመጫ 35 አካባቢ ጥሩ ነው። ቀላሉ ሲነካ ያምራል፣ ከወራት በኋላ ግን ሰው የተቀመጠበት ይጎደጉዳል። የእኛው ከታች 8 ሳ.ሜ ጠንከር ያለ፣ ከላይ 4 ሳ.ሜ ለስለስ ያለ ነው።

ሚዛኑ

ተሳቢ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ እንድትከተል ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው (ከመኪናው ጋር የሚያያይዛት መንጠቆ) ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ጅራቷን ትወዛውዛለች፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ መኪናውን ጭምር ልትገለብጥ ትችላለች። በዚህ ጉዳይ «ደህና ይመስላል» የሚባል ነገር የለም፣ ይመዘናል።

ማብሰያው ከነዕቃው ኋላ ነው። ውሃውና ባትሪውም መጀመሪያ እዚያ ነበሩ፣ ለማብሰያው ይቀርባሉ ተብሎ። ጠቅላላው 520 ኪሎ ሆነ። መጎተቻውን የሰው ሚዛን ላይ ሳሳርፈው 41 ኪሎ አነበበ። 8 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ያ የቆጨኝ ባዶ ቦታ ለዚህ ደረሰ። 20 ሊትሩን ጀሪካንና 12 ኪሎ የሚመዝነውን ባትሪ ከኋላ አንስተን ከመደገፊያው ጀርባ አስገባናቸው። ከጋንቾው እስከ አክስሉ 3 ሜትር ነው። ዕቃዎቹ ደግሞ 2 ሜትር ከ30 እና ከዚያ በላይ ወደ ፊት ሄዱ። እንደገና ስመዝነው 66 ሆነ፤ 12 በመቶ ከፍ ያለ። ውሃው ሲያልቅ ወደ 55 ይወርዳል፣ እሱም ከገደቡ በላይ ነው።

በነገራችን ላይ መቀመጫው ምንም ያህል ቢመች ተሳቢዋ ስትጎተት ማንም አይቀመጥባትም። ቀበቶ የላትም፣ ለግጭት የተሠራች አይደለችም። ልጆች «እዚያ እንሂድ» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ቀዝቃዛ ሌሊት ነበር። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከወገብ በላይ ይሞቃል፣ እግራችን ግን ደነዘዘ። ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ሥሩ በውሃ ጠብታ ተሞልቷል። ፍራሹን ሳነሳም ወለሉ ረጥቧል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጣሪያውንና ግድግዳውን በፎም ለብጬ ጉድጓዱን ረስቼዋለሁ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ በእኛ ተሳቢ ዝቅተኛው ቦታ እግራችን ያለበት ነው። በላዩ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ያወጣል። ያ እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል።

ጉድጓዱን ከሥርና ከጎን 25 ሚ.ሜ ፎም አለበስነው፤ ድንጋይ እንዳይቦጭቀው ደግሞ በቀጭን ላሜራ ሸፈንነው። ከመሬት ያለው ርቀት ወደ 18 ሳ.ሜ ወረደ። መጀመሪያውኑ አስቤበት ቢሆን ጉድጓዱን 28 አድርጌ ርቀቱን አተርፍ ነበር። ከጉድጓዱ ወለል ጥግ ላይ 12 ሚ.ሜ ቀዳዳ ከነመክደኛው አበጀንለት፣ ውሃ ከገባ መውጫ ያግኝ። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ የፕላስቲክ መረብ አነጠፍን። ጣሪያው ላይ 36 በ36 የሆነ የአየር መስኮት ነበረ፤ ብቻውን ግን አልሠራም፣ አየሩ የሚገባበት ዝቅ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። በሩ ሥር መረብ የለበሰ ማስገቢያ ከፈትን። አሁን ጠዋት የሚገኘው መስታወቱ ላይ ትንሽ ጭጋግ ብቻ ነው።

እግር እንዲሞቅ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ የጋዝ ምድጃ ወይም ከሰል ማስገባትን እንዳታስቡት። እንዲህ ባለች ጠባብ ቦታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ሰው ይገድላል። የእኛ እሳት ሁሉ ከኋላ፣ ከውጭ ነው። ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ተሰቅሏል።

አሁን

ባለፈው ጉዟችን ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ያዘን። አራት ሰዓት ሙሉ ውስጥ ተቀመጥን። ጠረጴዛው ቆሟል፣ በሩ ላይ ያለው መስኮት በትንሹ ተከፍቷል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ያንኳኳል። ባለቤቴ እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጋ ታነባለች። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ተነስታ ወጣች፤ ያውም ወገቧ አሟት ሳይሆን ዝናቡን ለማየት።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። በበሩ በኩል የተቀመጠ ሰው ክርኑን የሚያሳርፍበት የለውም፤ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ሲይዝ ትከሻው ይደክማል። የክርን ማሳረፊያው የሚታጠፍ መሆን አለበት፣ ካልሆነ መግቢያውን ይዘጋል። እኔ ገና እየሣልኩት ነው። እሷ ካርቶኑን ቆርጣ ሳሎን ወንበሩ ላይ አስራዋለች፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየተቀመጠችበት ነው።